ስለ ንግድ ምልክት ሕግና ስለ ስፖርት ዓርማ ሻጮች በአሜሪካ

የንግድ ምልክት ሕግ ሲመሠረት ዓላማው ገዢው እንዳይታለልና ሐቀኛው ነጋዴ ደንበኛውን በማታለል እንዳይነጠቅ ነበር፤ ይኸውም አንድ ሰው የታወቀ ፋብሪካ ሸቀጥ የገዛ መስሎት የሌላውን እንዳይገዛ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ሕግ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ከገዢው ጠባቂነት ወደ ምልክቱ ባለቤት ጠባቂነት እንዴት እንዳዘነበለ፥ በመጨረሻም የፌዴራሉ መንግሥት መርማሪዎች የስፖርት ቡድን ዓርማ ያለበትን ልብስ ፍለጋ ወደ ትንንሽ ሱቆች እስከ መግባት እንዴት እንደ ደረሱ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፌዴራሉ መንግሥት በዚህ ነገር የነበረው ሥልጣን በመጀመሪያ አጠራጣሪ ነበር። ኮንግሬስ በ1870 የምዝገባ ሕግ፥ በ1876 ደግሞ አስመሳዮችን የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ነገር ግን የሻምፓኝና የውስኪ ምልክት አስመስለዋል ተብለው የተከሰሱ ሰዎች ጉዳይ በ1879 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ሕጎቹን ሻረ። የንግድ ምልክት እንደ ድርሰት ወይም እንደ አዲስ ፈጠራ የአእምሮ ሥራ ውጤት አይደለም፤ ሕጎቹም በየክፍለ ግዛቱ ውስጥ ብቻ የሚደረገውን ንግድ ሳይለዩ የሚነኩ ናቸው አለ። ከዚያ ወዲህ በ1881ና በ1905 ሌሎች ሕጎች ወጡ፤ ዛሬም የሚሠራበት የላንሃም ሕግ በ1946 ተደነገገ። ይህም ቢሆን በዋናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ጉምሩክ በድንበር ላይ ከሚይዘው በቀር፥ ተበደልሁ የሚል ነጋዴ ራሱ ጠበቃ ይዞ ይከስ ነበር እንጂ መንግሥት ስለ እርሱ ሱቅ ለሱቅ አይዞርም ነበር።

የስፖርት ዓርማም ያን ጊዜ እንደ ትልቅ ሀብት የሚቆጠር አልነበረም። የአሜሪካ እግር ኳስ ማኅበር (ኤን.ኤፍ.ኤል.) የዓርማ ፈቃድ የሚሰጥ የራሱን ኩባንያ ያቋቋመው በ1963 ነው። ታሪኩ የተለወጠው ግን በእግር ኳስ ሳይሆን በበረዶ ላይ ሆኪ ምክንያት ነው። በዳላስ የሚገኝ አንድ ኩባንያ የሆኪ ቡድኖችን ዓርማ በጨርቅ ላይ እየጠለፈ ለስፖርት ዕቃ መደብሮች ይሸጥ ነበር። አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ አልተሰጠውም። ቡድኖቹ ምልክታቸውን ያስመዘገቡት ለጨዋታው ትርዒት ነበር እንጂ ለጥልፍ ጨርቅ አልነበረም፤ ስለዚህ የታችኛው ፍርድ ቤት ከቡድኖቹ ያልተፈቀደ መሆኑ ተገልጾ ይሸጥ የሚል ውሳኔ ሰጠ። በ1975 የአምስተኛው ቀጠና የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ለወጠው። ገዢው ጨርቁን የሚገዛው ምልክቱን ሽቶ ነው፥ ምልክቱም የቡድኑ መሆኑን ያውቃል፥ ይህ ይበቃል አለ። ውሳኔው ሕጉን ሕዝብን ከመጠበቅ ወደ ባለ ምልክቶቹ የንግድ ጥቅም በጥቂቱ ሊያዘነብለው እንደሚችል ዳኞቹ ራሳቸው አልሸሸጉም።

«በጥቂቱ» ማለታቸው ያስደንቃል። የቡድኑ ደጋፊ የሚፈልገው ፍቅሩን በቆቡ ላይ ማሳየት ነው፤ ጨርቁን ማን እንደ ጠለፈው ብዙም አይጠይቅም። እንግዲህ መታለልን ለመከልከል የወጣ ሕግ ማንም ባልተታለለበት ሥፍራ መሥራት ጀመረ ማለት ነው። በእርግጥ ሁሉም ፍርድ ቤቶች አልተከተሉትም፤ ዘጠነኛው ቀጠና በ1980 የአንድ ማኅበር ዓርማ ስላለበት ጌጣጌጥ ተቃራኒውን ፈርዷል። የሆነ ሆኖ የስፖርት ማኅበራቱ የያዙት መንገድ የዳላሱን ነው።

በ1984 ኮንግሬስ የተመዘገበ ምልክትን አስመስሎ መሸጥን የፌዴራል ወንጀል አደረገው። በጊዜው ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ሐሰተኛ መድኃኒትና የአውሮፕላን መለዋወጫ ሰው የሚገድል መሆኑ ነው፤ ይህን የሚነቅፍ አይገኝም። ግን ያው አንቀጽ ቆቡንም ያጠቃልላል፤ ዛሬ ለእንደ ቆብ ያለው ዕቃ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ያደርሳል። በ2003 የጉምሩክ መርማሪዎች ከ2001 አደጋ በኋላ ወደ ተቋቋመው የአገር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ከእግር ኳሱ የፍጻሜ ግጥሚያ በፊት ከማኅበሩ ሹማምንት ጋር እየቆመ የያዘውን ዕቃ ለጋዜጠኞች ማሳየት ልማድ አደረገ። በ2014 መጀመሪያ ላይ የተገለጸው ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን ኖሮ በሚያወጣው ዋጋ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር የካንሳስ ሲቲ የቤዝቦል ቡድን ሮያልስ ከ29 ዓመት በኋላ ለዋናው ሻምፒዮና ደረሰ። አንዲት የከተማይቱ ነጋዴ ለደስታው የሚሆን ሥዕል በእጅዋ ነድፋ በሴቶች የውስጥ ሱሪ ላይ አሳተመች። ሁለት የአገር ደኅንነት መርማሪዎች ወደ ሱቅዋ መጥተው መታወቂያቸውን አሳዩ፤ «ኬ» እና «ሲ» የተባሉት የላቲን ፊደሎች ተያይዘው መጻፋቸው የቡድኑን ምልክት እንደሚነካ ነግረው ጥቂት ደርዘን ሱሪ በከረጢት ይዘው ሄዱ። እርስዋም ወረቀት ፈረመች። የ1984 ሕግ አስመሳይ የሚለው ከተመዘገበው ምልክት ጋር አንድ የሆነውን ወይም ሊለይ የማይችለውን ነው፤ በእጅ የተሣለ ሥዕል በዚህ ውስጥ መግባቱ ብዙ የሚያከራክር ይመስለኛል። በ1879 የሻምፓኙ ሻጮች ክርክራቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሰምቶላቸዋል፤ በካንሳስ ሲቲው ሱቅ ግን በዚያች ሰዓት ክርክሩን የሚመዝን ዳኛ አልነበረም፥ የመዘኑት ዕቃውን የወሰዱት ሁለቱ ሰዎች ናቸው።