በሩን ከውስጥ መክፈት፦ ሩቅ ወዳለ ኮምፒውተር የመግባት አጭር ታሪክ

ማታ ነው። እኔ ቤት ነኝ፤ ስሌቴን የሚሠራልኝ ኮምፒውተር ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ተቆልፎበታል። ስሌቱ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መሃል ላይ ከተበላሸ ሦስቱም ቀን ገደል ገባ ማለት ነው። ከቤት ሆኜ ልየው ብል ግን የግቢው ፋየርዎል «ማን ነህ?» እንኳ ሳይለኝ ይመልሰኛል። ለመሆኑ ይህ ግድግዳ ለምን ቆመ? ሳይፈርስስ እንዴት ይታለፋል?

ታሪኩ የሚጀምረው ፋየርዎል የሚባል ነገር ከመፈጠሩ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ቻርሊ ክላይን፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወደሚገኝ ኮምፒውተር ለመግባት «ሎግኢን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጻፍ ጀመረ። «ኤል» ደረሰች፣ «ኦ» ደረሰች፤ ከዚያ የወዲያኛው ኮምፒውተር ቀጥ አለ። ልብ በሉ፦ የኢንተርኔት አባት በሆነው በአርፓኔት የተላከው የመጀመሪያ መልእክት ራሱ ሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ የመግባት ሙከራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዚህ ሥራ የተለመደው መሣሪያ ቴልኔት ሆነ። ቴልኔት የምትጽፉትን ሁሉ፣ ፓስወርዳችሁንም ጭምር፣ ሳይሸፍን እንዳለ ይልከዋል። ያኔ ኔትወርኩ ሁሉም የሚተዋወቅበት፣ በር ሳይቆለፍ የሚታደርበት ሰፈር ስለነበር ብዙ ሰው አልተጨነቀም።

ሰፈሩ የደነገጠው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ፕሮግራም ደካማ ፓስወርዶችን እየገመተ፣ በሶፍትዌር ስህተቶች እየሾለከ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን አባዛ። በግምት 6,000 ኮምፒውተሮች ተጠቁ። ይህ በጊዜው ከነበረው ኢንተርኔት አንድ አሥረኛ ያህል ነው ተብሏል። መሐንዲሶችም በእነዚያው ዓመታት በየተቋሙ መግቢያ ላይ ዘበኛ ማቆም ያዙ፤ ፋየርዎል ማለት ይኸው ነው። የሚያልፈውን የመረጃ እሽግ ከየት እንደመጣና የትኛውን ፖርት፣ ማለትም በቁጥር የሚታወቅ በር፣ እንደሚያንኳኳ አይቶ ያስገባል ወይ ይመልሳል።

ዘበኛው ግን ግቢ ውስጥ የተደበቀ ጆሮ ጠቢን አያይም። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ የሚለቅም ፕሮግራም ተገኘ፤ ሲከፈት በሺዎች የሚቆጠሩ የተጠቃሚ ስሞችና ፓስወርዶች አጠራቅሟል። በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ታቱ ይሎነን በዚህ ተነሳስቶ ኤስኤስኤች የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሁለቱ ኮምፒውተሮች መጀመሪያ የምስጢር ቁልፍ ይስማማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚላላኩትን መንገድ ላይ የሚያደምጥ ሰው ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ብቻ ይሰማል። ይሎነን ፕሮግራሙን በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በነፃ ለቀቀው። የተሰጠው በር ቁጥር 22 ነው፤ ኤፍቲፒ ከሚጠቀምበት ከ21 እና ከቴልኔቱ 23 መሃል ክፍት የነበረው ቦታ።

እሺ፣ ምስጢሩ ተጠበቀ። እኔ ግን አሁንም ውጭ ነኝ። እዚህ ላይ የሚያድነው የዘበኛው ጠባይ ነው። አብዛኛው ፋየርዎል ከውጭ የሚመጣን ይከለክላል እንጂ ከውስጥ የሚወጣን እምብዛም አይከለክልም፤ ለወጣው ጥያቄ የሚመለሰውንም መልስ ያስገባል። ድረ ገጽ ስትከፍቱ የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ እኔ ወደ ላቡ አልደውልም፤ የላቡ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ውጭ ይደውላል። ሁለታችንም ልንደርስበት ወደምንችል መካከለኛ ሰርቨር በኤስኤስኤች ይገናኝና መስመሩን ሳይዘጋ ይጠብቃል። እኔም ከቤት ወደዚያው ሰርቨር እገባለሁ፤ የምጽፈው በተከፈተው መስመር ተመልሶ ላብ ይደርሳል። ይህ የተገላቢጦሽ ዋሻ ይባላል።

መጀመሪያ ሲሠራልኝ በደስታ ዘለልኩ። ጥቂት ቆይቼ የሰርቨሩን መዝገብ ሳየው ደስታዬ በረደ፤ ከማላውቃቸው አድራሻዎች ፓስወርዴን ለመገመት ተደጋጋሚ ሙከራ ተደርጓል። ያኔ ገባኝ፦ ዋሻው የኔ ብቻ መንገድ አይደለም። ሰርቨሩን የሰበረ ሰው ላቡ በር ላይ ደርሷል፤ ዘበኛውም አያየውም። የላቡ ሰዎች ደግሞ ዋሻ መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ሄጄ ለኔትወርክ ኃላፊው ነገርኩት። ተቆጣኝ፤ ከዚያ አብረን አስተካከልነው። በፓስወርድ መግባት ተዘጋ፣ በቁልፍ ፋይል ብቻ ሆነ፣ ስሌቱ ሲያልቅም ዋሻው እንዲፈርስ ተስማማን። ከ1969 ጀምሮ የተለወጠው ቴክኒኩ ብዙ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፦ በሩን ከውስጥ የሚከፍት ሰው የሚከፍተው ለራሱ ብቻ አይደለም። የግቢው ሰዎች ሁሉ ከዚያ በር ጀርባ ያድራሉ።