አንድ ቁጥር፣ ብዙ ተረኛ፤ የሰፈር የኮምፒዩተር እርዳታ ስልክ እንዴት ይቋቋማል?

በየሰፈሩ አንድ “የኮምፒዩተር ልጅ” አለ፡፡ ከእንጦጦ ግርጌ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ብትሄዱ፣ ጉራራ ብትገቡ፣ ወደ ኮተቤ ብትወርዱ ሰው ሁሉ የሚደውልለት አንድ ወጣት አይጠፋም፡፡ ፕሪንተሩ አልታዘዝ ያለው የኮምፒዩተር ጽህፈት ቤት ባለቤት፣ ፍላሿ ባዶ ሆኖ የታየባት ተማሪ፣ የአባላቱን ዝርዝር ኤክሴል ላይ ጽፎ የጠፋበት የእድር ጸሐፊ፣ ሁሉም የሚደውሉት ለእሱ ነው፡፡ ልጁ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ምርቃት ይበቃዋል፡፡ ችግሩ የሚመጣው ልጁ ስራ ሲይዝ፣ ቤተሰቡ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው ወይም እሱ ራሱ ከአገር ሲወጣ ነው፡፡ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል፡፡ ሰፈሩም ሌላ ልጅ ፍለጋ ይጀምራል፡፡

መፍትሄው ቁጥሩን ከልጁ መለየት ነው፡፡ አራት አምስት በጎ ፈቃደኞች በተራ የሚያነሱት፣ የማንም የግል ያልሆነ አንድ ስልክ ማቋቋም ይቻላል፡፡ ነገሩ ቀላል ይመስላል፡፡ እኔ እንደማየው ግን የሚከብደው የኮምፒዩተሩ እውቀት ሳይሆን የስልኩ አያያዝ ነው፡፡

በስልክ ምክር መስጠት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፡፡ በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ ኤችአይቪ የሚያማክረው የ“ወገን” ነጻ የስልክ መስመር 952 ብዙ ሰው ፊት ለፊት ሊጠይቅ የሚያፍረውን ነገር ደውሎ እንዲጠይቅ በር ከፍቷል፡፡ በ2006 ዓ.ም ደግሞ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028ን ለገበሬዎች አስተዋወቀ፤ ይህኛው ተቀድቶ የተቀመጠ የግብርና ምክር በአገር ቋንቋ የሚያሰማ ሲሆን በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ አስተናግዷል፡፡ በኮሮና ጊዜም 8335 በየቤቱ ታውቆ ነበር፡፡ የሰፈር የኮምፒዩተር እርዳታ የሚመስለው ግን 952ን ነው፡፡ ጤፍ መቼ እንደሚዘራ በድምጽ ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ “ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነብኝ” ለሚል ሰው ግን የሚያዳምጥ ጆሮ ያስፈልጋል፡፡

በዓለም ላይ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘው ትልቁ ታሪክ የማርክ ስፔንሰር ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1999 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በአላባማ ለሊነክስ ተጠቃሚዎች እርዳታ የሚሰጥ አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ፡፡ የሚደውሉ ሰዎችን ለባለሙያዎቹ የሚያከፋፍል የስልክ ማዞሪያ ፈለገ፤ ዋጋውን ሲጠይቅ ከአቅሙ በላይ ሆነበት፡፡ ስለዚህ በተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰራ ማዞሪያ ራሱ ጻፈ፡፡ ስሙንም “አስተሪስክ” አለው፤ በነጻም ለቀቀው፡፡ የእርዳታ ስልኩ ተረስቶ ማዞሪያው በዓለም ዙሪያ ታወቀ፡፡

የእኛ ልጆች ይህንን ሲሰሙ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አስተሪስክ ጭነው፣ ሲም ካርድ የሚጎርስ መሳሪያ ገዝተው ጥሪውን በኢንተርኔት ማከፋፈል ያምራቸዋል፡፡ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፡፡ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሳሪያ መያዝንና መጠቀምን፣ እንዲሁም በኢንተርኔት በኩል የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል፡፡ አዋጁ ሲወጣ የታሰበው የውጭ አገር ጥሪ በድብቅ የሚያስገቡ ሰዎችን ለመያዝ ነው ብላችሁ ልትከራከሩ ትችላላችሁ፡፡ ነገር ግን ሲም የሚጎርሰው መሳሪያ በማን እጅ ቢገኝ ያው መሳሪያ ነው፡፡ እንዲህ ያለ ነገር ለመትከል የሚያስብ አስቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን በጽሁፍ ይጠይቅ፡፡ ለአምስት በጎ ፈቃደኞች ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፡፡

ቀላል መንገዶች ሁለት ናቸው፡፡ የመጀመሪያው ጥሪን ማዞር ነው፡፡ በጂኤስኤም ስልክ **21*የተረኛው ቁጥር# ብሎ መደወል ሁሉንም ጥሪ ወደ ተረኛው ያዞራል፤ ዋናው ስልክ ቢጠፋም ቢዘጋም ይሰራል፤ ምክንያቱም ትእዛዙ የሚቀመጠው በቀፎው ላይ ሳይሆን በኔትወርኩ ላይ ነው፡፡ ካልተነሳ ብቻ እንዲዞር **61*፣ መስመሩ ከተያዘ **67*፣ ኔትወርክ ከሌለው **62* ይባላል፡፡ ሁሉንም ለመሰረዝ ##002# ነው፡፡ የዞረውን ጥሪ ሂሳብ የሚከፍለው ያዞረው ቁጥር ስለሆነ ሂሳብ እንዳያልቅበት መጠበቅ ነው፡፡

ሁለተኛው መንገድ ቀፎውን ራሱን ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበል ነው፡፡ ኋላ ቀር ይመስላል፤ እኔ ግን የምመርጠው ይህንን ነው፡፡ ምክንያቴም ሚስኮል ነው፡፡ በእኛ አገር እርዳታ ፈላጊ አንድ ጊዜ አስጮኾ ይዘጋል፤ መልሰው እንዲደውሉለት ይጠብቃል፡፡ ጥሪው ወደ ተረኛው የግል ስልክ ዞሮ ከሆነ ተረኛው መልሶ የሚደውለው በራሱ ቁጥር ነው፡፡ ጠያቂው ያንን ቁጥር መዝግቦ ይይዛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚደውለው በቀጥታ ለልጁ ነው፡፡ ያው “የኮምፒዩተር ልጅ” ተመልሶ መጣ ማለት ነው፡፡ ቀፎው ከተቀባበለ ግን ወጪውም ገቢውም ጥሪ በአንድ ቁጥር ይሆናል፡፡ ቁልፍ ያለው ተራ ቀፎ ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ባትሪው ቀናት ይቆያል፡፡

እርግጥ ከፈረንሳይ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምህረት አቅጣጫ ዳገቱን ለሚወጣ ተረኛ ቀፎ ማቀባበል ድካም አለው፡፡ መሐል ላይ ሁሉም የሚያልፍበት አንድ ሱቅ መምረጥ ያቃልላል፤ ቀፎውና መዝገቡ እዚያ ይቀመጣሉ፡፡ የገደል ጥግ የሚኖር ተረኛ ቤቱ ኔትወርክ የሚጠፋበት ከሆነ ለእሱ ቀን ብቻ **62*ን ወደ ሁለተኛ ተረኛ ማስተካከል ነው፡፡

ቁጥሩ በማን ስም ይውጣ? ዋናው ነገር ይሄ ነው፡፡ ሲም ካርድ በአንድ ሰው መታወቂያ ሲወጣ በህግ ፊት ባለቤቱ ያ ሰው ነው፡፡ እሱ ሲሄድ ሲሙን ማንም ሊያስቀይረው አይችልም፤ ቴሌብር ከተከፈተበትም ገንዘቡ የእሱ ነው፡፡ ለዚህ ከእድር የተሻለ ባለቤት አይታየኝም፡፡ እድር ሊቀመንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ማህተም አለው፡፡ ከሁሉም በላይ ልጆቹ ተበታትነው እንኳ እድሩ ይኖራል፡፡ በማህተም የተደገፈ ደብዳቤ ይዞ መስመሩን በተቋም ስም ለማውጣት መጠየቅ ይቻላል፡፡ የወር የድምጽ ጥቅል ወጪውም ለአባላቱ ሲከፋፈል ከቡና ዋጋ ያንሳል፡፡ ሽማግሌዎቹ “ይሄ ደግሞ የእድር ስራ ነው እንዴ?” ማለታቸው አይቀርም፡፡ የእድሩ ዝርዝር የጠፋ ቀን ግን ይስማማሉ፡፡

ሰዓቱ አጭርና የታወቀ ይሁን፡፡ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተብሎ ከተለጠፈ፣ ያው ይሁን፡፡ ቀኑን ሙሉ እንረዳለን ብሎ ሳያነሱ ከመቅረት ሦስት ሰዓት ብቻ ብሎ ሁልጊዜ ማንሳት ይሻላል፡፡

መዝገቡ ተራ ደብተር ነው፡፡ ቀን፣ የደዋይ ስም፣ ችግሩ፣ የተባለው መፍትሄ፣ አለቀ ወይስ አላለቀም፡፡ ማክሰኞ የጀመረውን ጉዳይ ሐሙስ ያለው ተረኛ ከዚያው የሚቀጥልበት ብቸኛ መንገድ ይሄ ነው፡፡ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ ተደጋጋሚ ጥያቄዎች ይጻፉ፡፡ ከእነዚህ አንዱ የፍላሽ ጉዳይ ነው፡፡ ፋይሎቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት የተቀየሩበት ሰው “ጠፋብኝ” ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቫይረሱ ደብቋቸው ነው፡፡ ሾርትከቱን እንዳይነካ መንገር፣ “ቪው” ውስጥ ገብቶ “ሂድን አይተምስ” ላይ ምልክት ማስደረግ፣ አሁንም ካልታዩ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ማስነሳት፡፡ ሌላው የአማርኛ ጽሁፍ ነው፡፡ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፡፡ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱን መጫን ነው፡፡ አዲስ ጽሁፍ ግን በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፎንት አብሮ ስለመጣ የተቀባዩ ኮምፒዩተርም ያነበዋል፡፡

ደዋዩ ትልቅ ሰው ሲሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው “እትዬ፣ መብራት አለ? ዲቫይደሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በርታለች?” ነው፡፡ አይሳቅ፤ ግማሹ ጉዳይ እዚያው ያልቃል፡፡ ስክሪኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ማንበብ ላልቻለ ሰው ፊደሎቹን አንድ በአንድ በመልካቸው ማስነገር ትእግስት ይጠይቃል፡፡

አንድ የማይጣስ ደንብ አለ፡፡ የይለፍ ቃል፣ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ወይም በአጭር መልእክት የሚመጣ ኮድ በዚህ ስልክ አይጠየቅም፤ ደዋዩ ልንገራችሁ ቢል እንኳ ተረኛው ያስቆመዋል፡፡ “ከቴሌ ነው የምደውለው” እያሉ የሰው ገንዘብ የሚወስዱ አጭበርባሪዎች በበዙበት ጊዜ የሰፈር ሰው የሚያምነው ቁጥር ማግኘቱ ከኮምፒዩተሩ ጥገና የበለጠ ዋጋ አለው፡፡ በእድሩ ቤት በር፣ በጽህፈት ቤቶችና በሱቁ ላይ ከሚለጠፈው ቁጥር ስር “ከዚህ ቁጥር ውጭ አንደውልም፤ ሚስጥር ቁጥር አንጠይቅም” የሚል መስመር ይጨመር፡፡

ለመጀመር አመቺው ጊዜ ተማሪዎች ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚወጡበት ሐምሌ ነው፡፡ መስከረም ላይ ግማሾቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመለሳሉ፡፡ ስለዚህ ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ሰፈር የሚቀሩ ሦስት ተረኞች ከተሰናባቾቹ ጋር አብረው ተቀምጠው ጥሪ ያንሱ፣ መዝገቡን ይረከቡ፤ የቀረ የጥሪ ማዞሪያ ካለም በ##002# ይሰረዝ፡፡