«ማትሪክ» እና እንግሊዝኛ

«ማትሪክ» የሚለው ቃል ራሱ የታሪክ ምስክር ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን የተፈተኑት የለንደን ዩኒቨርሲቲን የማትሪኩሌሽን ፈተና ነበር። በአገር ውስጥ ፈተና ከተተካም በኋላ ስሙ ከአፋችን አልወጣም፤ ቋንቋውም እንዲሁ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን የገነነው ፈረንሳይኛ እንደነበር ልብ ይሏል። እንግሊዝኛን ያነገሠው እንግዲህ የጦርነቱ ውጤት እንጂ የትምህርት ጥናት አልነበረም።

እኔም በ1980ዎቹ መጨረሻ ለዚሁ ፈተና ስዘጋጅ አንድ ደብተር ሙሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው ሸምድጃለሁ። ምንባብ ሲቀርብልኝ ጥያቄውን አስቀድሜ አነብና ተመሳሳዩን ቃል በዐይኔ አድን ነበር። መልሱ ይገኛል፤ ምንባቡ ምን እንደሚል ብጠየቅ ግን አላውቅም።

የ1986ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገ። በመሆኑም የፊዚክሱም የታሪኩም ፈተና (የዐድዋ ድል ሳይቀር!) በቅድሚያ የእንግሊዝኛ ምንባብ ፈተና ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃው ስለተገታ ነው ተባለ፤ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ትምህርቱን ሳያውቅ የወደቀውንና ጥያቄውን ማንበብ አቅቶት የወደቀውን ውጤቱ አይለይም። በቅርቡ ባዶ ወረቀት ላስረከበችኝ አንዲት ተማሪዬ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ደገምኩላት። ሳታመነታ መለሰችልኝ።