አርበኛ፣ ዘማች፣ የቀድሞ ሠራዊት

እንግሊዞች «ቬተራን» የሚሉትን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ተርጓሚ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሰውየው የዘመተው በየትኛው ጦርነት ነው? ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደሉ ፋሺስት ኢጣልያን የተፋለመ ከሆነ «አርበኛ» ይባላል። ኮሪያ ወይም ኮንጎ ደርሶ የተመለሰ ከሆነ «ዘማች» ነው። በደርግ ዘመን በኦጋዴን ወይም በሰሜን ግንባር የተሰለፈ ከሆነ ግን ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የሚጠራው «የቀድሞ ሠራዊት አባል» እየተባለ ነው። ሦስቱንም የሚያቅፍ፣ ሁሉም ወገን ያለ ቅሬታ የሚቀበለው አንድ ቃል የለንም። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ወታደር በራሱ ስም ሲያከብር፣ ተከታዩ መንግሥት ደግሞ ክብሩን ሲከልስ ስለ ኖረ፣ ቃላቱ የታሪካችንን ስፌት እንደ ተሸከሙ ቀርተዋል።

ከሦስቱ ስሞች ክብሩ ያልጎደለው የአርበኛው ነው። ሚያዝያ 27 ቀን በየዓመቱ ይታሰባል፤ አርበኞቹም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ይሁን እንጂ የአርበኛው ክብር እንኳ ከመነሻው ንጹሕ አልነበረም። ከነፃነት በኋላ ሹመቱና ርስቱ ሲከፋፈል ብዙ አርበኞች ከስደት ከተመለሱትና ለጠላት ካደሩት ወገኖች በታች እንደ ተቀመጡ ተሰምቷቸዋል። የጎጃሙ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጠላት ያልደረሰበትን አንገት በ1937 ዓ.ም. ለራሱ መንግሥት ገመድ ሰጥቷል። ሐውልት የሚሠራውም ስቅላት የሚፈርደውም ያው መንግሥት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የዘማቹ ዕጣ ከዚህም ይበልጥ ተለዋዋጭ ነበር። የኮሪያ ጦርነት በሰኔ 1942 ዓ.ም. ሲፈነዳ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ ተቀብላ ጦር ለመላክ ወሰነች። ንጉሠ ነገሥቱ ለዚህ ውሳኔ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ትንሹ አገር በትልቁ ሲጠቃ ዓለም ዝም እንዳይል ተማጽነው ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም። አሁን ሌላ አገር ተጠቅቷል ሲባል ያንኑ የጋራ ደኅንነት መርሕ በደም መክፈል እንደሚገባ አመኑ። ከክቡር ዘበኛ ለተመረጠው ሻለቃ ያወጡለት ስም «ቃኘው» ነው፤ ይህም የአባታቸው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነበር።

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በመርከብ ተነሥቶ ከሦስት ሳምንት ጉዞ በኋላ ፑሳን ደረሰ። ከወታደሮቹ አብዛኞቹ ከዚያ ቀን በፊት ባሕር አይተው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ሆነው በመካከለኛው ግንባር በተራሮች ላይ ተዋጉ፤ ሻለቃዎቹም እየተፈራረቁ የጦርነቱ ተኩስ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ቆዩ። ከተኩስ አቁሙ በኋላም ሰላም ለማስከበር የተላኩ ነበሩ። በጦርነቱ ዘመን ከዘመቱት ከ3,000 የሚበልጡ ወታደሮች ውስጥ ከ120 የሚበልጡት ሲሞቱ ከ500 የሚበልጡት ቆስለዋል። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። የወደቁትም በባዕድ አፈር አልቀሩም፤ አፅማቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። የጦርነት ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሰብስበው ከራሳቸው ስንቅና ደመወዝ እያካፈሉ ማሳደጋቸውም በኮሪያ ዛሬ ድረስ ይነገርላቸዋል።

እንዲህ ያለ ስም ይዞ የተመለሰ ሠራዊት ክብሩ እስከ መቼ ቆየ? በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት የመንግሥት ግልበጣ ሲሞክር፣ ኮሪያ የተዋጉ ብዙ መኮንኖችና ወታደሮች ወደዱም ጠሉም የዚያ ክፍል ሰዎች ስለ ነበሩ የጥርጣሬው ጥላ አጠላባቸው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ተገለበጠ። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። ትናንት ጠላት የተባለው ዛሬ ጓድ ሲሆን፣ ያንን ጠላት የተዋጋ ሰው ሜዳልያውን ደረቱ ላይ ሊሰካው ቀርቶ ከሣጥን አውጥቶ ለልጁ ለማሳየትም የሚፈራበት ዘመን መጣ። በእንጦጦ ግርጌ ኮሪያ ሰፈር በሚባለው መንደር ብዙዎቹ ዘማቾች በችግር ኖሩ፤ የሰፈሩ ስም ብቻ ታሪኩን ሳይፈራ ይዞት ቆየ።

በዚሁ ዘመን ሌላ ሐውልት ቆመ። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የሚታየው የትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ተመረቀ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ የተሠራውም በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነበር። አንዱ ትውልድ የተዋጋው አገር ለሌላው ትውልድ የመቃብር ድንጋይ ጠረበ ማለት ነው። ከ6 ዓመታት በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ከካራማራ የተመለሰው ያ ሠራዊት ራሱ ተበተነ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ትጥቁን ፈትቶ ወደየመንደሩ ሄደ፤ «የቀድሞ» የሚለው ቅጽልም ያን ጊዜ ከስሙ ፊት ተለጠፈ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ስለ ጦር ሜዳው ሲጠየቅ ስለ ውኃ ጥምና ስለ መንገዱ ርዝመት ይነግረን ነበር እንጂ ስለ ድሉም ስለ ሽንፈቱም ትንፍሽ አይልም። ሲሞት ያለ ሰንደቅ ዓላማ ቀበርነው። የክፍለ ጦሩን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ከለቀስተኞቹ መካከል አልተገኘም። በየቤቱ እንዲህ ያለ አጎት ወይም አባት ያለው አንባቢ ጥቂት እንደማይሆን እገምታለሁ።

ይህ የሚያጋጥመው ለእኛ ብቻ አይደለም። ናይሮቢ ወይም ዳሬሰላም የሚኖር ወገናችን ካሪዮኮር ወይም ካሪያኮ ገበያ ወርዶ ሲሸምት፣ የሰፈሩ ስም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት «ካሪየር ኮር» የመጣ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት በጫንቃቸው የተሸከሙት አፍሪቃውያን በአሥር ሺዎች እየሆኑ በበሽታና በድካም አለቁ፤ የአብዛኞቹ ስም ግን በድንጋይ አልተጻፈም። በናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1928 የቆመው የአስካሪዎች ሐውልት ሦስት ስም የሌላቸው ሰዎችን ያሳያል። የጦር መቃብሮችን የሚጠብቀው የብሪታንያና የተባባሪዎቿ ኮሚሽን አፍሪቃውያንና እስያውያን ሟቾች ከነጮቹ እኩል ስማቸው ሳይጻፍ መቅረቱን በይፋ አምኖ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። «አስካሪ» የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ በናይሮቢ የግቢ በር ጠባቂ ማለት ሆኗል።

ወታደርን ማክበር ጦርነቱን ማወደስ የሚመስላቸው አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ በአካባቢያችን ሐውልት ብዙ ጊዜ ለቀጣዩ ዘመቻ መቀስቀሻ ሆኗል። ደግሞም በአፍሪቃ ቀንድ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ አያት የኢጣልያ አስካሪ፣ ሌላው አርበኛ ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ፤ ወንድማማቾች በሁለት ምሽግ ተፋጥጠዋል። ሆኖም የወታደሩን ስም መመዝገብና የዘመተበትን ዓላማ መመዘን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው የታሪክ ጸሐፊው ድርሻ ሲሆን ክርክሩ ረጅም ነው። የመጀመሪያው የቤተሰብ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም እስክሪብቶና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

የኮሪያ ዘማቾች ዕድላቸው ዘግይቶም ቢሆን ተመልሷል። በኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. መታሰቢያ ቆሞላቸው ንጉሠ ነገሥቱ በሥፍራው ተገኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በዚያው ከተማ የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል። በአዲስ አበባም አፍንጮ በር ላይ ሐውልት አላቸው። ክብሩ የተመለሰው ግን ውለታውን ያልረሳ ሌላ አገር ስለ ነበራቸው ነው። በኦጋዴን፣ በናቅፋ፣ በባድመ፣ በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት በቆመው የሰሜኑ ጦርነት የወደቁትና የቆሰሉት እንዲህ ያለ ባለዕዳ አገር የላቸውም። የኋለኞቹ እንዲያውም ሁሉም የሚስማማበት መጠሪያ ገና አልወጣላቸውም።

ስለዚህ በየቤታችን ካለው እንጀምር። ከአሮጌው ፎቶግራፍ ጀርባ የሰውየውን ሙሉ ስም፣ የክፍሉን መጠሪያ፣ የዘመተበትን ቦታና ዓመት እንጻፍ። በሕይወት ያሉትን እንጠይቅ፤ ዝም ካሉም ዝምታቸውን አክብረን ሌላ ቀን እንመለስ። ደብዳቤ ካለ አንጣል፤ ሜዳልያ ካለ የማን እንደ ሆነ ለልጆች እንንገር። መንግሥታት ቃሉን እስኪስማሙበት ድረስ ሟቹ በቤቱ በክርስትና ስሙም ሆነ በአባቱ ስም ሊጠራ ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ዐዋጅ ደግሞ እስከ ዛሬ አልወጣም።