እግርን ቀስ በቀስ የሚያደክም የነርቭ ሕመም፡ መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዴት ይለያል?

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢዶሎ የሚኖር አንድ የ45 ዓመት ጎልማሳ እግሩ እየከበደው፣ በደረጃ ላይ እየተደናቀፈ ዓመት ቢያስቆጥር በቅድሚያ የሚጠረጥረው የወገብ ሕመምን ወይም ድካምን ነው፡፡ መነሻው ግን ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ ሊሆን ይችላል፡፡

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት በሽታ የመከላከል ኃይል ተሳስቶ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ ነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም ነው፡፡ በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ መጣ ሄድ እያለ ይጀምራል፡፡ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ግን ከመጀመሪያው አንስቶ ያለማቋረጥ ይባባሳል፡፡

በሽታው በአገራችን እምብዛም የማይታይ በመሆኑ ሐኪሞች በመጀመሪያ መታከም የሚችሉትን ተመሳሳይ ሕመሞች ያጣራሉ፡፡ እነዚህም የአከርካሪ ቲቢ፣ ኅብለ ሰረሰርን የሚጫን ዕጢ ወይም ዲስክ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤች.አይ.ቪ እና ቂጥኝ ናቸው፡፡ ጓያን አዘውትሮ በመብላት የሚመጣው ሽባነትም ይመስለዋል፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጀመረ በኋላ ባለበት ይቆማል፡፡ ኤች.አይ.ቪንና ቂጥኝን የመሳሰሉትን በደም፣ ቲቢን ደግሞ በራጅና በአክታ መመርመር ረጅም ጉዞ ሳያስፈልግ በአቅራቢያ ሆስፒታል ሊጀመር ይችላል፡፡

መልቲፕል ስክለሮሲስን ብቻውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም፡፡ ሕመሙ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መባባሱ፣ የኤም.አር.አይ ውጤትና ከጀርባ በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ ተዳምረው ይታያሉ፡፡ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፡፡ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰ ታካሚ የወገብ ኤም.አር.አይ ብቻ ተነስቶ ቢመለስ ልፋቱ ከንቱ ሊሆን ይችላል፡፡ ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው በወገብ መጀመሪያ ላይ በመሆኑ እግር ሲገተር የሚታዩት አንጎል፣ አንገትና የደረት አከርካሪ ናቸው፡፡ የትኛው ክፍል እንደሚነሳ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል፡፡

በሽታውን ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለም፡፡ ከመነሻው ለሚባባሰው ዓይነት በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ኦክሬሊዙማብ ግን መባባሱን ያዘገያል፡፡ በየ6 ወሩ በደም ሥር የሚሰጥና እጅግ ውድ መድኃኒት ሲሆን ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግዴታ ነው፤ ቲቢም ሊጣራ ይገባል፡፡

መድኃኒቱ ባይገኝም የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፡፡ ፊዚዮቴራፒ ጉልበትን ያቆያል፤ ባክሎፌን የተገተረ ጡንቻን ያላላል፤ የሽንት ኢንፌክሽንን ቶሎ ማከምና የአልጋ ቁስልን መከላከል ሕይወትን ያተርፋሉ፡፡

እግር በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከዛለ፣ ሽንት ከታገደ ወይም መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፡፡