የመርካቶ አልጋ

የመሸበት መንገደኛ ድሮ የሚያንኳኳው በር አይጠፋውም ነበር። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» የሚል ድምፅ ይመልስለታል። እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀርብለታል፣ መደብ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። ለዚህ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነበር። ገንዘብ መስጠትም ባለቤቱን ከመስደብ አይተናነስም።

እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ አራዳ ላይ ሆቴል ሲያሠሩ የገጠማቸው ይኸው ልማድ ነው። እንጀራን በገንዘብ ገዝቶ ከማያውቁት ሰው ጋር ተቀምጦ መብላት ለከተማው ሰው አሳፋሪ ሆነበት። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ሒሳብም ከፍለው ሰዉን እንዳስለመዱት ሲነገር ኖሯል። ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ክፉኛ ቢጎዳም በዚያው አራዳ፣ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር፣ አሁንም አለ፤ ታሪኩም ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ያልተጻፈለት ሌላው ነው፤ ከወሎ ወይም ከጎጃም ቅቤና በርበሬ ጭኖ መጥቶ፣ ሸጦ፣ ሲመሽበት የሚተኛበትን የሚፈልገው ሰው። የእሱን አልጋ የምናገኘው መርካቶ ነው።

መርካቶ ከመኖሩ በፊት የከተማው ትልቅ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ከተማዋን ለመክፈል አቀደ፤ አራዳን ለራሱ ሰዎች ይዞ ገበያተኛውን ወደ ምዕራብ ገፋው። አዲሱን ቦታ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» አለው። በገዛ አገሩ ከገዛ ገበያው የተነሣ ሕዝብ ነው እንግዲህ መርካቶን ያቆመው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ይቆረቁረኛል። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። ባለበት ሰፋ፣ በየሸቀጡ ተከፈለ፣ ስሙንም ከሸቀጡ ወሰደ፦ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጭድ ተራ።

ጣሊያን ከሄደ በኋላ ሦስት ቃላት እዚሁ ቀሩ። አንዱ «መርካቶ» ነው፣ ገበያ ማለት። ሁለተኛው «አልቤርጎ»፤ ማደሪያ ቤት ማለት ሲሆን በእኛ አፍ ግን ለሆቴሉ ሳይሆን በሒሳብ ለሚያዘው ክፍል ዋለ። ሦስተኛው «በረንዳ» ነው። የአልቤርጎ ገንዘብ የሌለው የሱቅ በረንዳ ላይ ይተኛል፤ «በረንዳ አዳሪ» የሚለው ስም የወጣው ከዚያ ነው። የአንድ ድሃ መንገደኛ ቀንና ሌሊት በእነዚህ ሦስት ቃላት ተጠቃልሎ ይታየኛል።

ጭድ ግን የራሳችን ነው። ዛሬ ጭድ ተራ ብሎ ታክሲ የሚጠራ ልጅ ጭድ ምን ያህል ከተማ እንደሠራ ላያስበው ይችላል። የመርካቶ ርካሽ ማደሪያ ቤት ግድግዳው ጭቃ ነበር። አፈሩ በውኃ ይርሳል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ለቀናት ይቦካል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ሰፍቶ ይይዘዋል፤ ያለ እሱ የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ሲመጣም ይረግፋል። የቦካው ጭቃ በማገሩ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ በደቃቅ ጭቃ ይመረጋል። ፍራሹም ያው ጭድ ነው። ጆንያ ወይም አቡጀዲ ተሰፍቶ ይጠቀጠቅበታል፤ አዲስ ሲሆን ከፍ ብሎ ይንኮሻኮሻል፣ ጥቂት ወራት ሲተኙበት ግን መሐሉ ጎድጉዶ የሰው ቅርጽ ያወጣል። የተኛው ሰው ጭድ ላይ ተኝቶ ፊቱን ወደ ጭድ ግድግዳ ያዞራል። ትኋኑም ከፍራሹ ወደ ግድግዳው ስንጥቅ፣ ከስንጥቁ ወደ ፍራሹ ይመላለሳል።

ቤቶቹን ብዙ ጊዜ የሚያስተዳድሩት ሴቶች ነበሩ። ፊት ለፊት ጠላ ወይም ጠጅ፣ ኋላም ቡና ቤት፤ ከጓሮ በኩል ደግሞ ተርታውን የተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች። «እማማ፣ አልጋ ይኖራል?» ይላል እንግዳው በሩ ላይ ቆሞ። «አለ ልጄ፣ ግባ። ብቻህን ነህ?» ብቻውን ከሆነ ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ክፍል ይጋራል፤ ብሩን መቀነቱ ውስጥ ቋጥሮ፣ ጆንያውን ተንተርሶ ይተኛል። ገንዘብ ቢከፍልም «ልጄ» መባሉ አልቀረበትም። የእግዜር እንግድነት ወደ ሒሳብ ሲለወጥ ከቀድሞው የተረፈው ይህቺ ቃል ናት ብዬ አምናለሁ።

አልጋውን ያበዛው ደግሞ አውቶቡስ ነው። ለጎንደርና ለመቀሌ መንገዱ የሁለት ቀን በሆነበት ዘመን አገር አቋራጩ የሚነሣው ከመርካቶ አጠገብ ካለው አውቶቡስ ተራ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነበር። ተሳፋሪው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ መገኘት አለበት፤ ከኮተቤ ወይም ከቃሊቲ በዚያ ሰዓት ማን ያመጣዋል? ስለዚህ ከነጓዙ መጥቶ እዚያው ያድራል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ሲጨመር ምርጫም አልነበረም፤ የቀበሌ መታወቂያና የይለፍ ወረቀት አሳይቶ አልጋ መያዝ ብቻ ነው። የቤቶቹም ባለቤትነት በዚያው ዘመን ተለወጠ፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ነበርና፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ድሃው ተከራይ በኪራዩ መቀነስ ተጠቀመ፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን የጭቃ ቤት በየጊዜው ካልተመረገ አይቆምም፤ «የእኔ ነው» የሚለው ሲታጣ ጭዱ ከግድግዳው ላይ እየተራገፈ ሄደ።

አልጋ ፍለጋው ባሕር ድረስም ይወርድ ነበር። የመርካቶ ሸቀጥ በአሰብና በምጽዋ በሚገባበት ጊዜ የጭነት መኪና ሾፌሩና ረዳቱ ቀይ ባሕርን ያውቁታል። ምጽዋ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረባት የመዝናኛ ከተማ ነበረች፤ ለሾፌሩ ግን ባሕር ማለት ደጅ የወጣ የገመድ አልጋ ነው። መርካቶ ላይ ብርዱን ሽሽት በር ዘግቶ ብርድ ልብስ የሚደራርበው ሰው፣ እዚያ ሙቀቱ ክፍል ውስጥ ስለማያስተኛው ኮከብ እያየ ያድራል።

ዛሬ አውቶቡሶቹ ወደ ላምበረት፣ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አየር ጤና ተበትነዋል። የጭድ ፍራሽም ለስፖንጅ ቦታውን ለቋል፤ የጭቃ ግድግዳው በብሎኬት ፎቅ እየተተካ ነው። እነዚያን ቤቶች የሚያስታውስ ሰው ግን ከትኋኑም ከፍራሹም በላይ የማይረሳው አንድ ነገር አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ዘበኛው ዱላውን ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ተርታውን ካሉት በሮች እያንዳንዱን ያንኳኳል። «የጎንደር እንግዳ፣ ተነሣ! የመቀሌ እንግዳ፣ ተነሣ!»