ከኤደን ገበያ የጠፋው ጫት

ወደ ገበያ ወጥቶ የፈለገውን ትኩስ ነገር ያጣ ሰው ሦስት ምርጫ አለው፤ ሌላ ነገር ገዝቶ መመለስ፣ እስኪመጣ መታገሥ፣ አለዚያም ወዳለበት መሄድ። የትኛውን እንደሚመርጥ አስቀድሞ ማወቅ ግን ለነጋዴም ለመንግሥትም አይቀልም። በ1957 እ.ኤ.አ. በኤደን የሆነው ለዚህ ምስክር ነው።

ኤደን ያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረች፣ መርከቦች ነዳጅ የሚሞሉባት ሞቅ ያለች ወደብ ነበረች። ከቀትር በኋላ ጫት መቃም የብዙ ነዋሪዎቿ ልማድ ነበር። ቅጠሉ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር እየተለወጠ ኃይሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደክማል። በሐረርጌ ደጋ የተለቀመው ጫት ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ባሕር ተሻግሮ ኤደን ይደርስ የነበረው ስለዚህ ነው። ከየመን ተራሮችም በየብስ ይመጣ ነበር።

በ1957 የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ጫት ወደ ኤደን እንዳይገባ አገደ። የእገዳው ደጋፊዎች ቅጠሉ የቤተሰብን ገቢ እየበላ ነው ይሉ ነበር። ገዢው ግን በሌላ ነገር አልተካውም፤ አልታገሠምም። ሕጉ የሚሠራው እስከ ቅኝ ግዛቱ ወሰን ድረስ ነበር፤ ከወሰኑ ማዶ፣ በላሕጅ ሱልጣኔት ምድር፣ ጫት እንደ ልብ ይገኛል። ቃሚዎች በአውቶቡስ እየተሳፈሩ ወደዚያ ይወጡ፣ ቅመው ይመለሱ ጀመር። ይድናል የተባለው የቤተሰብ ገንዘብ አልዳነም፤ እንዲያውም የመሳፈሪያ ተጨመረበት። የየመን ጫት በየብስ እስከ ወሰኑ ሊደርስ ይችላል፤ የሐረርጌው ጫት ማረፊያ ግን ኤደን ነበረና ገበያው ተዘጋበት። 

በ1958 ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ዘገባውን አቀረበ፤ በዚያው ዓመት እገዳው ተነሣ።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ የደቡብ የመን መንግሥት ሌላ መንገድ ሞከረ። ጫትን ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ ለሳምንቱ የዕረፍት ቀናትና ለበዓላት ብቻ ፈቀደው፤ ሕጉም እስከ 1990 ውሕደት ድረስ ዘለቀ። ከሁለቱ ሕጎች የመጀመሪያው ለገዢው የሰጠው ባዶ መደብ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ቀን ቆረጠለት። መቼ እንደሚመጣ የተነገረው ሰው ይጠብቃል፤ ያልተነገረው መንገድ ይጀምራል።